መኪና፣ ማሽን፣ መካኒክ፦ ስለ አንድ ቃል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የውጭዎቹን ቃላት በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ለይተን ጠቅሰናል።

«መኪና» እና «ማሽን» እውነት አንድ ቃል ናቸው?

አዎ። ሁለቱም ከግሪክኛ የተወሰደው የላቲኑ «ማኪና» ልጆች ናቸው፤ የገቡበት በር ነው የተለያየው። «መኪና» ከጣልያንኛ በቀጥታ መጣ። «ማሽን» ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። «መካኒክ»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ እሱ ከሌላ የግሪክ ቀበሌኛ በምሁራን ብዕር የተሻገረ ነው። ስለዚህ «መካኒኩ መኪናዬን በማሽን አየልኝ» ያለ ሰው አንድን የግሪክ ቃል በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ጠርቷል።

የመጀመሪያው ትርጉም ምን ነበር?

ብረትም ጎማም አልነበረበትም። የአቴና ሰዎች «ሜኻኔ» ሲሉ በቅድሚያ የሚታሰባቸው እኛ «መላ» የምንለው ነገር ነው፤ ጉልበት ብቻውን የማይፈታውን ችግር የሚፈታ ብልሃት። ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ጀግናውን ኦዲሴዎስን ደጋግሞ «ፖሊሜኻኖስ» ይለዋል፤ ባለ ብዙ መላ ማለት ነው። ተቃራኒው «አሜኻኖስ» መላ ያጣ፣ የሚይዝ የሚጨብጠው የጠፋው ሰው ነው። ዕቃው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ድንጋይ የሚያነሳ ማንሻ፣ ቅጥር የሚሰብር የጦር መሣሪያ፣ የቲያትር መድረክ ላይ ተዋናይ የሚያንጠለጥል ክሬን፦ ሁሉም በእንጨትና በገመድ የተሠሩ መላዎች ናቸውና «ሜኻኔ» ተባሉ።

የቃል ምንጭ መዝገበ ቃላት በአብዛኛው ቃሉን ከዚህም በፊት ካለ፣ «መቻል» የሚል ፍቺ ካለው ሥር ጋር ያያይዙታል። የእንግሊዝኛው «ሜይ» እና «ማይት»፣ የጀርመንኛው «ማኽት» (ኃይል፣ ሥልጣን) ከዚያው ሥር ናቸው ይላሉ። ከዚህ ባለፈ «ማጂክ»ንም አብረው የሚጨምሩ አሉ፤ እሱ ግን ከጥንት ፋርስ ካህናት መጠሪያ በግሪክኛ በኩል የመጣ ሌላ መንገድ ያለው ቃል ነው። የሩቅ ዝምድናው አጠራጣሪ ስለሆነ ባትደግፉበት ይሻላል።

አቴናዎች «ሜኻኔ» ካሉ ላቲን ለምን «ማኪና» አለ?

ሮማውያን ቃሉን ከአቴና አልወሰዱትም። የወሰዱት ከጎረቤቶቻቸው፣ ከደቡብ ጣልያንና ከሲሲሊ ግሪኮች ነው። በታራስ (የዛሬዋ ታራንቶ) እና በሲራኩስ የሚነገረው የዶሪክ ቀበሌኛ ነበር፤ አቴናዎች «ሜ» የሚሉበት ቦታ ላይ ዶሪክ ረጅሙን «ማ» ይጠብቃል። እነሱ ዘንድ ቃሉ «ማኻና» ነው። አርኪሜዲስ የሲራኩስ ልጅ ነውና በአገሩ አነጋገር እንዲሁ የሚል ሰው ነበር።

«ኻ» ወደ «ኪ» የተለወጠውም በሕግ ነው። በጥንቱ ላቲን የቃል መነሻ ጎልቶ ስለሚነገር መሐል የሚውል አጭር «አ» እየሟሸሸ «ኢ» ይሆን ነበር። «ፋኪዮ» (አደርጋለሁ) ከፊቱ ቅጥያ ሲገባ «ኮንፊኪዮ» የሚሆነው በዚሁ ሕግ ነው። «ማኻና»ም በዚሁ መንገድ «ማኪና» ሆነ። ይህ ድምፅ ለውጥ ጥንታዊ ስለሆነ ቃሉ ሮም የገባው በጣም ቀደም ብሎ መሆኑን ይመሰክራል።

«ሜካኒክ» ግን በኋላ በመጽሐፍ የገባ ቃል ነው። የሮማ ጸሐፊዎች «ሜካኒኩስ»ን የወሰዱት ከአቴናው መልክ ስለሆነ «ሜ»ው አልጠፋም። በአውሮፓ ቋንቋዎች «ማሽን» በ«ማ»፣ «ሜካኒክ» በ«ሜ» የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው። አማርኛ «መኪና» እና «መካኒክ» ብሎ ሁለቱንም በ«መ» ስለጀመራቸው ልዩነቱን ደፍኖታል። «ማሽን» እና «ሜካኒካል» ግን ዛሬም አብረው ሲቀመጡ ልዩነቱ ይታያል።

«ሽ» ከየት መጣ?

ከፈረንሳይኛ አነባበብ። የላቲኑ አጻጻፍ «ክ»ን ያመለክት የነበረ ጥንድ ፊደል ነው፤ ፈረንሳይኛ ያንኑ ጥንድ ፊደል «ሽ» ብሎ ያነባል። ቃሉ በ14ኛው መቶ ዘመን ከመጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ ሲገባ አጻጻፉ ሳይነካ ድምፁ «ማሺን» ሆነ። እንግሊዝኛ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ ጀርመንኛ በ17ኛው ከፈረንሳይኛ ተቀበሉት፤ «ሽ»ውም አብሮ ሄደ።

ከዚህ የሚወጣ ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ቋንቋ ቃሉን በ«ሽ» ከጠራው መንገዱ በፈረንሳይ በኩል አልፏል፤ በ«ክ» ከጠራው ከላቲን፣ ከጣልያንኛ ወይም ከግሪክኛ ነው። ሩሲያኛ ሁለቱንም ይዟል፦ «ማሺና» መሣሪያም መኪናም ነው፤ «ማኺና» ደግሞ በፖላንድኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን ዛሬ ግዙፍ፣ ለማንቀሳቀስ የሚከብድ ነገር ማለት ነው። ለመፈተኛው ፈንጠር ያሉት ስካንዲኔቪያውያን ናቸው። ሦስቱም በ«ስክ» ይጽፉታል፤ ስዊድኖችና ኖርዌዮች ሲያነቡት ወደ «ሽ» ይጠጋል፣ ዴንማርኮች ግን «ስክ»ን አይለቁም።

በየአገሩ ምን ማለት ነው? መኪና ነው ወይስ ማሽን?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው።

በጣልያንኛ «ማኪና» («ኪ» ጠብቆ፣ መነሻው ጎልቶ) በሰፊው ማሽን ነው፤ በዕለት ንግግር ግን ብቻውን ሲቆም የቤት መኪና ማለት ነው። እንደ አማርኛው ቁጭ ነው። በሩማኒያኛም «ማሺነ» መኪናም ማሽንም ነው፤ የአልባንያው «ማኪነ» እንዲሁ። ሞስኮ ወይም ኪየቭ የተማረ ሰው «ማሺና»ን በሁለቱም ትርጉም ያውቀዋል።

በስፓኒሽና በፖርቱጋልኛ ደግሞ ድምፁ ለኛ ጆሮ «ማኪና» ነው፤ ትርጉሙ ግን ማሽን እንጂ መኪና አይደለም። ማድሪድ ላይ ቆማችሁ «ማኪናዬ ቆማለች» ብትሉ የምን ማሽን እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። ኩባ ውስጥ ግን መኪናን «ማኪና» ይላሉ፤ እዚያ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ቃል ለመልመድ አልተቸገሩም።

ጀርመኖች «ማሺነ» ሲሉ ማሽን፣ አንዳንዴም አውሮፕላን ወይም ሞተር ብስክሌት ነው፤ መኪና ፈጽሞ አይሆንም። ግሪኮች ራሳቸው «ሚኻኒ»ን ለማሽንና በንግግር ለሞተር ብስክሌት ያውሉታል፤ መኪና እነሱ ዘንድ «አፍቶኪኒቶ» ነው፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ። ቃሉን የወለደው ቋንቋ መኪናን በሌላ ስም መጥራቱ ያስቃል። ደግሞ በዛሬው ግሪክኛ «ሚኻኒኮስ» መሐንዲስንም ይጨምራል፤ ስለዚህ አቴና ላይ «ሚኻኒኮስ ነኝ» ያላችሁ ሰው እጁ ላይ ዘይት ላይኖር ይችላል።

ፈረንሳዮች ቃሉን ወደ ቤት ውስጥ አስገብተውታል። «አንድ ማሺን ላድርግ» ያለች ፈረንሳያዊት አንድ ዙር ልብስ ልታጥብ ነው። ጅራቱን ቆርጠው «ማሸን» ሲያደርጉት ደግሞ የኛ «እንትን» ይሆናል፤ ስሙ ለጊዜው የጠፋ ዕቃ ሁሉ «ማሸን» ነው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል በ1960 የተባበሩት መንግሥታትን በዚሁ ቃል መጥራታቸው እስካሁን የሚነሳው ንቀቱ ከዚህ ስለሚመጣ ነው።

ሳዑዲ ወይም ዱባይ ውስጥ «መኪና» ብል ይገባቸዋል?

ይገባቸዋል፤ የሚገባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በባሕረ ሰላጤው ዐረብኛ «መኪና» ማለት ማሽን፣ ከመኪና ጋር ሲነሳ ደግሞ ሞተሩ ነው። መኪና «ሰያራ» ይባላል። ጋራዥ ሄዳችሁ «መኪናው ተበላሽቷል» ካላችሁ ሠራተኛው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር መመርመር ይጀምራል፤ የፈነዳው የኋላ ጎማ ቢሆንም።

አማርኛ ለምን «የስፌት መኪና» ብሎ ወዲያው «የልብስ ማጠቢያ ማሽን» ይላል?

ሁለቱ ዕቃዎች በተለያየ ዘመን ስለገቡ። የጣልያንኛው ቃል ሲመጣ ሰፊውን ትርጉም ይዞ ነበር፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ የታወቁት መሣሪያዎች «የልብስ ስፌት መኪና»፣ «የጽሕፈት መኪና»፣ «ማተሚያ መኪና» ተባሉ። ጣልያኖችም ለስፌቱና ለጽሕፈቱ «ማኪና ዳ ኩቺሬ»፣ «ማኪና ዳ ስክሪቬሬ» ነው የሚሉት። በኋላ «መኪና» ብቻውን ለተሽከርካሪው ሲጠቀለል፣ እንግሊዝኛም የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋ ሲሆን፣ ለአዲሱ ዕቃ ሁሉ «ማሽን» ተተካ። የኤክስሬይ ማሽን፣ የኤቲኤም ማሽን፣ የቡና ማሽን። «የኤቲኤም መኪና» ብትሉ ገንዘብ የሚያመላልሰው መኪና ነው የሚመስለው።

ከሰፈር ልብስ ሰፊ ጠይቁ፤ እግሩ የሚረግጠው ሲንጀር «መኪና» ነው፣ ጎን ያለው ባለ ኤሌክትሪኩ ጠርዝ መምቻ ብዙ ጊዜ «ማሽን» ነው። የዕቃውን ዕድሜ ከስሙ ማንበብ ይቻላል።

መኪናው ብቻውን እንዳልመጣም አትርሱ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ካቻቢቴ፦ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። አንድ ቃል ብቻውን ሲገኝ ምንጩ ሊያከራክር ይችላል፤ ከነቤተሰቡ ሲገኝ ግን ክርክሩ ያበቃል።

ከዚህ ዝርዝር የሚያፈነግጥ አንድ አለ። አውሮፓውያኑ ከ«ማሽን» ጋር አጣምረው የሚጠሩትን ጠመንጃ እኛ «መትረየስ» ነው የምንለው፤ ይህ ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» ነው፣ ከ«ማሽን» ጋር ዝምድና የለውም።

ማኪያቶም ከዚሁ ነው?

አይደለም። በፊደላችን ሲጻፉ «ማኪያቶ» እና «ማኪና» ወንድማማች ይመስላሉ፣ በጣልያንኛም አጀማመራቸው አንድ ነው። ማኪያቶ ግን «ማኪያ» ከሚለው፣ ነጠብጣብ ወይም እድፍ ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ላቲኑ «ማኩላ» ነው። በወተት ጠብታ የተነካ ቡና ማለት ነው። አንድ ማኪያቶ በማሽን ሲሠራ ሁለቱ ቃላት አንድ ባንኮኒ ላይ ይገናኛሉ፤ ዝምድናቸው እዚያው ያበቃል።

ጥያቄው ከቡና ጋር ከተነሳ አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው እውነተኛ ዘመድ አለ። «ማኪና» በጣልያንኛ ከመጽሐፍ የተወሰደ ቃል ነው። ከዚያ በፊት ላቲኑ በሕዝብ አፍ ሲንከባለል ቆይቶ «ማቺና» ሆኖ ነበር፤ ትርጉሙ የወፍጮ ድንጋይ ነው። «ማቺናሬ» መፍጨት ነው፣ የቡና መፍጫውም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ለገጠር ሰው ከሁሉ በላይ የሚታወቀው «ማሽን» ወፍጮ ስለነበር ቃሉ እዚያው ቀረ። ሩማኒያኛም «ምቺና» ብሎ ለመፍጨት ይጠቀምበታል። ስለዚህ ጣልያኖች ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ይዘውታል፦ አንዱ በአፍ እየተሸራረፈ፣ ሌላው ከመጽሐፍ እንደ ወረደ።

«ሜክ» (መሥራት)፣ «ሜሰን» (ግንበኛ)፣ «መሐንዲስ» እና «መካን»ስ?

አራቱም አይገቡም። የእንግሊዝኛው «ሜክ» ጀርመናዊ ቃል ነው፤ ከ«መቦካት፣ ማሸት» ሥር ጋር ነው የሚያያዝ። «መሐንዲስ» ዐረብኛ ነው።

«ሜሰን» የሚያስተምር ስሕተት አለው። የሴቪያው ጳጳስ ኢሲዶር በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግንበኞች ስማቸውን ያገኙት ከሚቆሙበት መወጣጫ፣ ከ«ማኪና» ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ላቲኑ በእርግጥ መወጣጫንም «ማኪና» ይላል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። የዛሬ አጥኚዎች ግን ቃሉን ወደ ጥንታዊው ጀርመናዊ ነገድ ወደ ፍራንኮች ቋንቋ፣ ወደ «ሜክ» ዘመድ ይወስዱታል። ትርጉሙ ስለገጠመ ብቻ ምንጩ ተገኘ ማለት አይደለም።

«መካን» የግእዝ ነው፤ ቦታ ማለት ሲሆን «ኮነ» ከሚለው ግስ ይወጣል፦ መካነ መቃብር፣ መካነ ኢየሱስ። ልጅ አለመውለድን የሚገልጸው «መካን»ም፣ «መከነ»ም ከ«መኪና» ጋር የሚጋሩት ሦስት ፊደላትን ብቻ ነው።

የዕብራይስጡ «መኾኒት» ታዲያ?

እስራኤል ካሉ አንባቢዎች በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ዕብራይስጥ ማሽንን «መኾና»፣ መኪናን «መኾኒት» ይላል፤ ድምፁ ለአውሮፓው ቃል ስለሚቀርብ ብድር ይመስላል። ግን ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተነሳ ነው። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 ላይ ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ያሠራቸው አሥሩ የናስ መቀመጫዎች በዕብራይስጡ «መኾኖት» ናቸው፤ ሥሩም «ጸና፣ ተዘጋጀ» የሚለው ነው። የዘመናዊ ዕብራይስጥ ሰዎች ድምፁ ከ«ማሽን» ጋር መመሳሰሉ ስለተመቻቸው ጥንታዊውን ቃል አንስተው አዲስ ትርጉም አለበሱት፤ «መኾኒት»ን የፈጠረው ጋዜጠኛው ኢታማር ቤን አቪ ነው። የሰሎሞን መቀመጫዎች እያንዳንዳቸው አራት መንኮራኩር እንደ ነበራቸው እዚያው ምዕራፍ ላይ ተጽፏልና ምርጫው ሳያስቡት የተደረገ አይመስልም።

እንግዲህ የዕብራይስጡ «መኾኒት» የግእዙ «መካን» የሥጋ ዘመድ ነው፤ የኛው «መኪና» ግን አይደለም። ሰው በተቃራኒው ይገምታል።

የእንግሊዝኛው «ማሺኔሽን» ለምን ሴራ ማለት ሆነ?

የመጀመሪያው ትርጉም ስላልሞተ ነው። መላ ለበጎም ለክፉም ይመታል። ላቲኑ «ማኪናሪ» የሚለው ግስ ማቀድ፣ መጎንጎን ነበር፤ በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም ስሙ የሴራ ስም ሆኖ ቀረ። ሰው ስለ ማሽን የሚያወራ መስሎት አንቀጹን ከሥሩ የሚያዛባው እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛው ትርጉም «ሴራ» ወይም «ተንኮል» ነው።

«ዴኡስ ኤክስ ማኪና»ም የዚሁ ክፍል ነው፤ ቃል በቃል «ከክሬኑ የወረደ አምላክ»። በአቴና ቲያትር ታሪኩ ሲተበተብ አንድ አምላክ በክሬን ተንጠልጥሎ ብቅ ይልና ይፈታው ነበር። በ431 ከክርስቶስ ልደት በፊት በቀረበው የጸሐፌ ተውኔቱ የኤውሪጲደስ «ሜዴያ» ጀግናዋ መጨረሻ ላይ በፀሐይ ሠረገላ ታመልጣለች፤ አሪስጣጣሊስ መፍትሔ ከታሪኩ ራሱ መውጣት አለበት ብሎ የተቸው ይህንን ነው። በድራማ ተከታታይ መጨረሻ ክፍል ላይ ድንገት ከውጭ አገር የሚመጣ ሀብታም አጎት ስታዩ ክሬኑን አስታውሱ።

የሌላ ቃል ምንጭ ራሴ ማጣራት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከአማርኛው አጻጻፍ አትጀምሩ። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶን አይለይም፣ የውጩን የአናባቢ ርዝመትም ይውጣል። ቃሉን ባመጣው ቋንቋ ፊደል ጻፉት፤ ካላወቃችሁት በየቋንቋው መዝገበ ቃላት ፈልጉ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ቋንቋ ጥንታዊ መልክ ያዙ። የዛሬውን «ማሽን» ከዛሬው «ሜክ» ጋር ማወዳደር ትርፍ የለውም፤ የሺህ ዓመት በፊቱን ጎን ለጎን ስታደርጉ ልዩነቱ ይገለጣል።

ከዚያ ድምፁን ፈትኑ። «ክ» ወደ «ሽ» ተለውጧል ካላችሁ፣ በዚያው ቋንቋ በዚያው መንገድ የተለወጡ ሌሎች ሁለት ሦስት ቃላት ማሳየት አለባችሁ፤ አንድ ቃል ብቻ የሚታዘዝለት ሕግ ሕግ አይደለም። መንገዱንም ጠይቁ፦ ማን ከማን ጋር ነገደ፣ ማን ማንን ገዛ፣ ዕቃውን ማን አመጣው? ትርጉምን ወደ መጨረሻ አቆዩት። አብዛኛው ሰው ከእሱ ስለሚጀምር ነው «ሜሰን» ላይ እንደ ኢሲዶር የሚሰናከለው።

«መኪና» ባዕድ ከሆነ «ተሽከርካሪ» ማለት አይሻልም?

አንዱ ሌላውን አይተካም። «ተሽከርካሪ» ሞተር ብስክሌቱንም ባለ ተሳቢውንም ያጠቃልላል፤ ለደንብና ለቅጽ የሚመቸው ለዚህ ነው። ሰው ግን «ተሽከርካሪዬን አቁሜ መጣሁ» አይልም።